ያልደረሱት መልሶች

«ዛሬስ? ምን አለች?»

አቶ ጓንጉል ይህን የጠየቁት የግቢውን በር ገፍተው ሳይጨርሱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ግንብ ሲገነቡ ስለዋሉ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ በሲሚንቶ ነጥቷል። የሥራ ዕቃቸውን የያዘውን ማዳበሪያ ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ሥር አስቀመጡና መልስ ጠበቁ።

መልካሙ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጄሪካን እየሞላ ነው። ውኃው ሰንብቶ የመጣው ዛሬ ነው፤ ያውም እንደ ክር ቀጥኖ። ወገቡን ያመዋል። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሽንኩርት ከትፏል፣ ወጥ ሠርቷል፣ የእናቱን መድኃኒት ከፋርማሲ አምጥቷል። የነገውን የባዮሎጂ መልመጃ ገና አልነካውም።

«አንተን እኮ ነው! እኅትህ መለሰች ወይስ አልመለሰችም?»

አልመለሰችም። ትናንትም አልመለሰችም፣ ከትናንት ወዲያም። መልካሙ ግን «አልመለሰችም» ባለ ቁጥር ምን እንደሚከተል ያውቃል። አባቱ «በደንብ አልጻፍክላትም ማለት ነው» ይላሉ። «እስቲ አሁን እኔ እንደምልህ አድርገህ ጻፍ» ይሉና እዚያው ያቆሙታል። እናቱ ደግሞ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ልጄን ምን ነካብኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ እሷን ማባበሉም የእሱ ሥራ ነው። ዛሬ ለዚህ ሁሉ አቅም አልነበረውም።

«መልሳለች» አለ፣ ቀና ሳይል። «እመጣለሁ ብላለች።»

«መቼ?»

«ከአርብ በፊት።»

«እንዲህ በለኛ!» የአባቱ ድምፅ ወዲያው ቀለል አለ። «ሰማሽ ዘነበች? ውዴ እመጣለሁ ብላለች!»

ከቤት ውስጥ «ተመስገን» የሚል የሻከረ ድምፅ ተሰማ። መልካሙ የጄሪካኑን ክዳን አጠበቀና ሌላውን ደቀነ። ውሸት መሆኑን ያውቃል። ግን ያን ያህል የራቀ ውሸት አልመሰለውም። ውዴ እናቷ ታማ አትቀርም፤ ዛሬ ባትመልስ ነገ ትመልሳለች። እሱ ያደረገው መልሱን ትንሽ ማስቀደም ብቻ ነው።

ውዴ ታላቅ እኅቱ ናት። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከዳነች በኋላ ጆሮዋ አይሰማም። ባሕር ዳር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለእሷ ስልክ መደወል ትርጉም ስለሌለው የሚጻፍላት ነው። አባታቸው ፊደል ቢለዩም የስልክ ጽሑፍ አይሆንላቸውም፤ እናታቸው ማንበብ አልተማረችም። ስለዚህ የቤቱ ወሬ ሁሉ፣ ሰላምታውም ቁጣውም፣ በመልካሙ ጣት በኩል ነው የሚያልፈው።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ገበያ ላይ፣ ጤና ጣቢያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ውዴን ማናገር ሲፈልግ እሷን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው። እሱና እናቱ ከውዴ ጋር በእጅ ይነጋገራሉ፤ ምልክቶቹን ሦስቱ ራሳቸው ናቸው እየፈጠሩ ያከማቿቸው። «ምን አለች?» ሲባል ያደገ ልጅ ነው። አንዳንዴ ውዴ ምንም ሳትል እንኳ «ምን አለች?» ይሉታል።

አሁን ደግሞ የእናቱ ሕመም አለ። አንገቷ ላይ ለዓመታት የኖረው እንቅርት እየከበደ ሄዶ ትንፋሿን ያሳጥራት ጀመር፤ ለአርብ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለጥቂት ቀናት ባትናገር እንደሚሻል ነገራት። ይህን ጊዜ ነው አቶ ጓንጉል «ውዴ ሥራዋን ትታ ትምጣ፤ እናቷን በእጅ የምታናግራት እሷ ናት» ያሉት። የእናቱ ታናሽ እኅት እትዬ ሠናይትም ከይፋግ እመጣለሁ ብላ ነበር።

መልካሙ ያንኑ ቀን ጻፈላት። «ውዴ፣ እማዬ አርብ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። አባባ ሥራሽን ትተሽ ነይ ይላሉ።» መልስ የለም። በማግስቱ «አባባ መልስሽን እየጠበቁ ነው» አላት። አሁንም ዝም። አባቱ የስፌት ቤቱን ባለቤት ስልክ ቢሞክሩ «ጥሪ አይቀበልም» ይላል። ሰሞኑን ዳታ ስለሌለ ቴሌግራምም አይታሰብም። ቧንቧው ሥር ከመቀመጡ ትንሽ ቀደም ብሎ ንዴትም ድካምም ይዞት «ውዴ፣ ሰለቸኝ። እመጣለሁ በይና ልገላገል» ብሎ ጽፎላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነበር የዋሸው።

ውሸቱ በማግስቱ እግር አወጣ። አቶ ጓንጉል ይፋግ ደውለው «ሠናይት፣ አትድከሚ፤ ውዴ እየመጣች ነው» ሲሉ መልካሙ በጆሮው ሰማ። እናቱም ጎንበስ ማለት እየከበዳት የውዴን ብርድ ልብስ አውጥታ አጠበችው። «ተይው እኔ አጥበዋለሁ» ቢላት «የእሷን እኔ» አለችው። መልካሙ አንድ ሁለቴ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ተናገረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሙሉሐብት በር ላይ ጠበቀው። ሙሉሐብት የክፍል ጓደኛው ነው፤ የተበላሸ ስልክ ካገኘ ሳይፈታ አያድርም። አባቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለሆኑ ቤታቸው ዋይፋይ አለ።

«ጀለሴ፣ ያ አይፎንህ ሞቷል ያልከው አልሞተም» አለው።

ያን አይፎን ውዴ ናት የሰጠችው። እሷ ከሱ ሻል ያለ ሌላ አይፎን ስትገዛ የድሮውን ለወንድሟ ላከችለት። መልካሙም ሲመቸው ሙሉሐብት ቤት እየሄደ፣ እሷም በስፌት ቤቱ ዋይፋይ፣ ይጻጻፉ ነበር። በቅርቡ ግን ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎ ድርግም አለ። አባቱ አንድ ያገለገለ አንድሮይድ ገዙለት፤ መልካሙም ሲሙን አውጥቶ እሱ ላይ ከተተና አይፎኑን ለሙሉሐብት «እንደፈለግህ ፍታው» ብሎ ሰጠው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ እድፍ ሞልቶበት ነዋ! በመርፌ ጠርጌ አወጣሁለት፣ ቻርጅ ሆነ።» ሙሉሐብት ሊስቅ ቃጣና ተወው። «ግን መልካሙ… እንደተከፈተ ዋይፋዩን ራሱ ያዘ። ከዚያ መልእክት በመልእክት ሆነ። ከውዴ ነው። እኔ አላነበብኩም፣ እውነቴን ነው። ስሟን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሙሉሐብት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ተቀበለው። ውዴ ስትጽፍ ቃል አታበዛም። መልእክቶቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል።

«ጽሑፍህ ደረሰኝ። እማዬን ሳምልኝ። ግን አርብ የብቃት ምዘና ፈተና እጀምራለሁ፣ ማክሰኞ ነው የሚያልቀው። ካመለጠኝ ዘንድሮ ሌላ የለም። ፈተናው እንዳለቀ እመጣለሁ። ለአባባ አስረዳልኝ።»

ቀጥሎ፣ «መልሴን ነገርኩህ እኮ። አባባ አልተቀበሉትም ማለት ነው? ለእማዬ ንገራት። እሷ ትረዳኛለች።»

ከዚያ፣ «ለምን ዝም አልከኝ?»

የመጨረሻው፣ «ገባኝ። ሁላችሁም ተቆጥታችሁብኛል። አንተም ሰልችቼሃለሁ። ፈተናውን ትቼዋለሁ። ሐሙስ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ።»

መልካሙ ደግሞ አነበበው። «አንተም ሰልችቼሃለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«እኔ የጻፍኩላት ደርሷታል» አለ። «የእሷ ግን ወደ እኔ አልመጣም። እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

ሙሉሐብት ስልኩን ተቀብሎ አሳየው። «ውዴ አይፎን አይደል የምትይዘው? አይፎንና አይፎን በኢንተርኔት የሚላላኩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። አንተ ሲሙን ስታወጣ ከዚያ መንገድ ቁጥርህን አላስወጣህም፤ ስልኩ ሞቶ ስለነበር ማስወጣትም አልቻልክም። ስለዚህ የእሷ ስልክ እስካሁን አይፎን የያዝክ ይመስለዋል፤ መልሷን ሁሉ ወደዚህ ይልከዋል። ያንተ አንድሮይድ ይህን መንገድ አያውቀውም። ያንተ ግን በተራ ሜሴጅ ስለሚሄድ ይደርሳታል።»

«እሷ ደግሞ የምትጽፈውን አንብቤ ዝም ያልኳት ነው የሚመስላት።»

«አዎ። እንዳይከፋህ እንጂ፣ እኔ ብሆን አኮርፍሃለሁ።» ሙሉሐብት ስልኩን ነካካና አንድ ነገር አጠፋ። «በቃ፣ አስወጣሁህ። ከአሁን በኋላ እሷ የምትጽፈው ወደ አንድሮይድህ ይመጣል። በል አሁኑኑ ጻፍላት። ሐሙስ እኮ ነገ ነው!»

መልካሙ ተነሣ። «ቤት ደርሼ እጽፋለሁ» አለ።

«ለምን?»

«ቤት ደርሼ አልኩህ እኮ።»

ወደ ሰፈራቸው የሚወስደው ዳገት ዛሬ ረዘመበት። ከጉና በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። መልካሙ ሁለቱን ስልኮች በሁለት ኪሱ ይዞ ቀስ እያለ ይራመዳል። የሚያስበውን ነገር ማሰቡ አሳፍሮታል፤ ግን አላቆመም።

ምንም ባይጽፍስ? ነገ ውዴ በሐሙሲት፣ በወረታ አድርጋ ትመጣለች። አባቱ ይደሰታሉ። እናቱ ትደሰታለች። እመጣለሁ ብላለች ያለውም እውነት ይሆናል፤ ደግሞም ይኸው ራሷ ጽፋዋለች። ማንም ምንም አያውቅም። ምጣዱን፣ ውኃውን፣ መድኃኒቱን፣ የሆስፒታሉን ወረፋ ውዴ ትይዝለታለች። እሱ ይተኛል። መተኛት ብቻ። ስንት ጊዜ ሆነው ጠግቦ ከተኛ?

ፈተናው ለሚመጣው ዓመት ይደርሳል፤ እናት ግን አንድ ናት። እንዲህ ብሎ ሊያምን ሞከረና አባቱ የሚናገሩ መሰለው።

ግቢው ሲደርስ እናቱ በረንዳው ላይ የቀረችውን ፀሐይ እየሞቀች ነበር። አንድ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋለች፤ ሰሞኑን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ብርድ ልብሱ ገመዱ ላይ ደርቋል።

«መጣህ? ፊትህ ምነው?»

«ደክሞኝ ነው እማዬ።»

«ይደክምሃል እንጂ፣ ምን ታደርግ። እኔ ነኝ ያደከምኩህ።» አጠገቧ እንዲቀመጥ አጎዛውን ሳብ አደረገችለት። «መልካሙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ውዴ እመጣለሁ ስትልህ ደስ ብሏት ነው?»

መልካሙ አጎዛው ላይ ተቀመጠ።

«ጽሑፍ ሆነብኝ እንጂ እጇን ባይ አውቅ ነበር» አለች። «ከልቧ እሺ ስትል እጇ ሰፋ ይላል። ሳትወድ እሺ ስትል ደግሞ እዚህ ጋ፣ ደረቷ ላይ ነው የምትጨርሰው።» ምልክቱን በሁለት መንገድ ሠራችና አሳየችው። ሁለተኛው ላይ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። «የትኛው ነው?»

መልካሙ እጁን አነሣ። በአፉ ሊለው ያልቻለውን በእጁ ሊለው አስቦ እንደሆነ ራሱም አላወቀም። ሁለተኛውን ምልክት ሠራ። ከዚያ ግን ያ ብቻ እንደማይበቃ ገባውና አይፎኑን ከኪሱ አውጥቶ የውዴን መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበላት። «አንተም ሰልችቼሃለሁ» የሚለውንም አልዘለለውም።

እናቱ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ይህን ሳታይ ነው እንግዲህ እመጣለሁ ብላለች ያልከን» አለች።

«አዎ።»

አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። «ለአባትህ አንተ ራስህ ትነግረዋለህ» አለችና ወደ ገመዱ አየች። «እኔ አልሸፍንልህም።»

አቶ ጓንጉል ሲመጡ ገና ብርሃን ነበር። መልካሙ ውኃ ይዞ ቀረበና እጃቸውን አስታጠባቸው። ሲሚንቶው ከጥፍራቸው ሥር አልወጣ ብሎ ደጋግመው ሲያሹት ጠበቀ።

«አባባ፣ ውዴ እመጣለሁ አላለችም ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት።»

እጃቸው ቆመ። መልካሙ ማቆም ፈራ፤ ካቆመ እንደማይቀጥል ያውቃል። ስለ ስልኮቹ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ መጨረሻው መልእክት ሁሉንም ነገራቸው። ውኃው ከማንቆርቆሪያው እየፈሰሰ ጫማውን ሲያርሰው አላስተዋለም።

«መልስ ሳይመጣልህ መጣ ትለኛለህ?» አሉ አባቱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ በዚያ ቃል እትዬ ሠናይትን አትምጪ ብያታለሁ! እናትህ ከነገ ወዲያ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ለምን?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ምን?»

«ደክሞኝ ነው አባባ። ሲገቡ ‹ምን አለች›፣ ሲወጡ ‹ምን አለች› ይሉኛል። መልስ ሲጠፋ እኔ ያጠፋሁት ይመስልዎታል። እኔ የምጽፈው የእርስዎን ነው፣ የማነበው የእሷን ነው። እኔን ማንም ምን አልክ ብሎኝ አያውቅም።» እንባው መጣበት፤ በክንዱ ጠረገው። «መዋሸቴ ልክ ነው እያልኩ አይደለም።»

አቶ ጓንጉል ፎጣውን ተቀብለው እጃቸውን አደረቁ። ሲጨርሱም እንደገና አደረቁት። በረንዳው ላይ ተቀመጡና ስልካቸውን አውጥተው ይፋግ ደወሉ። መልካሙ የአንድ ወገኑን ብቻ ሰማ። «እንደምን አመሸሽ… የለም፣ ደኅና ነን… ያው፣ ያልኩሽ ነገር ተሳስቶ… እንዴ፣ መቼ?… ጣራ ገዳም ነሽ?… አይ፣ አይ፣ አትውጪ… እግዜር ይቀበልሽ… እሺ፣ ሰኞ።»

ስልኩን ዘጉ። «ሱባኤ ገብታለች። ሰኞ ነው የምትወጣው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ደግሞ አርብና ቅዳሜ የምሠራበት ፎቅ ሶሌታው በኮንክሪት ይሞላል፣ ከሥራው ብቀር ሌላ ሰው ነው የሚገባበት።»

እናቱ «እንግዲህ ለእሷ ይጻፍላትና ትምጣ አይባልም» አለች። «ፈተናዋን ትፈተን።»

አባቱ መልካሙን አዩት። የሆነ ነገር ሊያዙት ነው ብሎ ጠበቀ፤ «እኔ እንደምልህ ጻፍ» እንዲሉት። እሳቸው ግን «አንተ ምን ትላለህ?» አሉት።

ያልለመደው ጥያቄ ነው። ቀጥሎ አንድሮይዱን አውጥቶ ጻፈ። «ውዴ፣ መልሶችሽ ዛሬ ነው የደረሱኝ። የስልኮቹ ነገር ነው፣ ስትመጪ አስረዳሻለሁ። ማንም አልተቆጣብሽም። ሰለቸኝ ያልኩት አንቺን አይደለም። ነገ አትሳፈሪ። ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ላከው። ሦስቱም ስልኩን እያዩ ተቀመጡ። ከማዶ የአንድ ቤት ውሻ ይጮኻል። መልሱ ባይመጣስ? ሙሉሐብት ያጠፋው ነገር በደንብ ባይጠፋስ? ውዴ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ይሆናል፤ ስልኳን አላየችው ይሆናል።

ስልኩ መዳፉ ላይ ተንቀጠቀጠ። በተራ ሜሴጅ፣ በትንሿ አንድሮይድ ላይ፣ የውዴ ስም ወጣ።

አቶ ጓንጉል «ምን…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

መልካሙ ሳይጠየቅ አነበበላቸው። «‹እማዬን ማን ያስታምማታል?› ትላለች።»

እናቱ እጇን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ናት። አባቱ ወለሉን ያያሉ። መልካሙ ነገ ጠዋት ለክፍል ኃላፊያቸው ምን ብሎ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አሰበ፤ የባዮሎጂውን መልመጃ አሰበ፤ የሆስፒታሉን አግዳሚ ወንበር፣ ድምፅ የሌላቸውን ረጃጅም ቀናት፣ የእናቱን እጆች አሰበ። ዓይኑ በእንቅልፍ ተከድኖ ተከድኖ እያስቸገረው ነው።

ማንንም ሳያማክር «እኔ» ብሎ ጻፈና ላከው።